የቅስት መስኮትን በፎቶ መለካት፦ ሌንስን የማቃናት የሥራ ማስታወሻ፣ ድሬዳዋ

ሰኞ

ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አለ፤ መስኮቶቹ ሁሉ አናታቸው ቅስት ነው። ባለቤቷ እማማ ለሁሉም የብረት ፍርግርግ ማስገጠም ይፈልጋሉ። ፍርግርጉ የሚቀመጠው በግድግዳው ውፍረት ውስጥ፣ ከእንጨቱ ፍሬም ፊት ተጠግቶ ስለሆነ ብረቱ የቀዳዳውን ቅርጽ በትክክል መከተል አለበት። ከሰፋ አይገባም፤ ከጠበበ ዙሪያውን ክፍተት ይታያል። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሼ በየጎኑ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ያለው ሥራ ከእጃቸው እንዲወጣ አይፈቅዱም።

እስከ ዛሬ ቅስት የሚወሰደው በካርቶን ነበር። አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ ካርቶኑን ከልስኑ ጋር ያስጠጋል፣ ሌላው በእርሳስ ይከተላል፣ ከዚያ በመቀስ እየተከረከመ ይሞከራል። ለአንድ መስኮት ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ ግን ከመስኮቶቹ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ በየዘመኑ የተደራረበው ኖራ እያንዳንዱን በራሱ መንገድ አጉብጦታል። ስለዚህ ቅርጹን ከፎቶ ላይ ለማውጣት ተነሣሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ የሚሞክር ሰው ቁጥሮቹንም ምክንያቶቹንም አብሮ እንዲያገኝ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ካሜራው ምን ያህል ያዛባል የሚለው ነው። በእጄ ያለው ያገለገለ ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ያነሣል፤ ሌንሱ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚለጠጥ ተራ ሌንስ ነው። ግንበኞች ልስን የሚያቀኑበትን የሁለት ሜትር አልሙኒየም ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፣ ካሜራውን ሁለት ሜትር ተኩል አራቅሁት፣ ሌንሱን 18 ላይ አድርጌ አልሙኒየሙ በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ እንዲውል አነሣሁ። ኮምፒውተር ላይ ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ቀጥ ያለ መስመር ሳሰምር የአልሙኒየሙ ወገብ ከመስመሩ 30 ፒክስል ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ተገኘ። በዚህ ርቀት አንድ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚይዝ ጉብጠቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጋሼ ከሚፈቅዱት ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ይህ የበርሜል መዛባት የሚባለው ነው። ሰፊ ማዕዘን የሚያዩ ሌንሶች ከምስሉ መሃል በራቁ ቁጥር ነገሩን የበለጠ ወደ መሃል ይጨምቃሉ፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ያለ ቀጥ ያለ መስመር እንደ በርሜል ጎን ይነፋል። መስኮቱን በምስሉ መሃል አድርጎ ማንሣት ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ መስኮት መሃል ላይ ቢውል እንኳ የቅስቱ አናት ከማዕከሉ 90 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ እዚያ ላይ የዚህ ሌንስ ጭመቃ ወደ ሁለት በመቶ ይጠጋል። 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ልክ የምንፈልገው ቅስት ላይ።

ማክሰኞ

ሰሌዳ መሥራት። ዘዴው ዤንግዮው ዣንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀው ነው፦ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለበትን ጠፍጣፋ ነገር ከተለያየ አቅጣጫ ማንሣት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ የካሬዎቹን ማዕዘኖች ፈልጎ የካሜራውን ባሕርይ እንዲያሰላ ማድረግ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልኬት በጥንቃቄ የተሠራና ውድ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ኦፕንሲቪ በሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ሰሌዳው 10 በ7 ካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ 40 ሚሊ ሜትር። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው የውስጥ ማዕዘኖችን ብቻ ስለሆነ 9 በ6 ተብሎ ይነገረዋል። አንዱ ቁጥር ጎዶሎ ሌላው ሙሉ መሆኑ ይጠቅማል፤ ሰሌዳው ቢገለበጥ የቱ ወገን ላይ እንደሆነ አያሳስትም።

ወረቀት ላይ አላተምኩትም። በድሬዳዋ ሙቀትና ድርቀት ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ውሎ ሳያድር ጫፉን ያነሣል፤ ሰሌዳው ከጎበጠ ደግሞ ስሌቱ ያንን ጉብጠት የሌንሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስቲከር ማተሚያ ቤት ሄጄ በማያብረቀርቅ ስቲከር አሳተምኩና ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የጠረጴዛ መስታወት ላይ ለጠፍሁት። የሚያብረቀርቀው ዓይነት የሰማዩን ብርሃን መልሶ ነጭ ነጥብ ይጥልበታል፤ በዚያ ነጥብ ሥር ያለ ማዕዘን ደግሞ አይነበብም።

ከማተሚያ ቤት የመጣን ነገር ሳይለኩ መጠቀም አይገባም። የአሥሩን ካሬ ጠቅላላ ርዝመት በብረት ማስመሪያ ስለካው በ400 ፋንታ 398 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወርዱ በ280 ፋንታ 278.6። ማተሚያው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ግማሽ በመቶ አሳንሶታል። እኩል ማነሱ ነው ቁም ነገሩ። የሌንሱን ጉብጠት የሚገልጹት ቁጥሮች ካሬው 40 ይሁን 39.8 አይለወጡም፤ የሚለወጠው ሰሌዳው ከካሜራው ራቀ የሚባለው ርቀት ብቻ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢያንስ ኖሮ ግን ካሬዎቹ ካሬ መሆናቸው ቀርቶ ስሌቱን ከሥሩ ያዛቡት ነበር። ትክክለኛውን 39.8 መዝግቤ አለፍሁ።

ረቡዕ ጠዋት

ከማንሣቴ በፊት ካሜራውን ቆለፍሁት። ሌንሱ 18 ላይ እንዲቆም ቀለበቱን በፕላስተር አሰርሁ፤ ራስ ሰር ትኩረቱን አጠፋሁ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረሚያውንም እንዲሁ። ይህ ማረሚያ የሌንሱን አንድ ክፍል ከቦታው እያንቀሳቀሰ ስለሚሠራ የምስሉ ማዕከል በየፎቶው ይዋልላል። ትኩረት ሲለወጥም የሌንሱ ጂኦሜትሪ አብሮ ይለወጣል። በአንድ ሁኔታ ላይ የተሰላ ቁጥር የሚያገለግለው ለዚያው ሁኔታ ነው። የብርሃን መግቢያውን 8 ላይ አድርጌ ትኩረቱን ከሁለት ሜትር ትንሽ አሳልፌ ስቆልፈው ከአንድ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ድረስ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ሰሌዳውንም መስኮቱንም ያለ ምንም ለውጥ ማንሣት የምችለው በዚህ ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት፣ ቦታው የግቢው ጥላ። የቀትር ፀሐይ ነጩን ካሬ ከልክ በላይ ያበራዋል፤ ያን ጊዜ ነጩ በጥቁሩ ላይ ይፈስሳል፣ ሁለት ጥቁር ካሬዎች የሚነካኩበት ነጥብም ይለያያል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ያንን ነጥብ ነው፤ ያውም ከአንድ ፒክስል ባነሰ ትክክለኛነት።

የወርክሾፑ ልጅ ሰሌዳውን ይዞልኝ ቆመ። «የት ልያዘው ጋሼ?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ወደ ጥጉ።» ብዙ ሰው ሰሌዳውን መሃል ላይ፣ ፊት ለፊት አድርጎ ደጋግሞ ያነሣል፤ መዛባቱ ያለው ግን ጥጉ ላይ ነው። አራቱንም ጥጎች፣ አራቱንም ጠርዞች፣ መሃሉንም ሸፈንሁ። በየቦታው ሰሌዳውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አዘነበልነው፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይሆናል። ማዘንበሉ ለጌጥ አይደለም። ሰሌዳው ሁልጊዜ ከካሜራው ጋር ትይዩ ከሆነ ስሌቱ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (ነገሩን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳይ የሚወስነውን ልክ) እና የሰሌዳውን ርቀት መለየት አይችልም፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው አብሮት ያድጋል፣ ምስሉም ያው ይሆናል።

ረቡዕ ማታ

ስሌቱ። የሚጠቀመው ሞዴል የኮንራዲና የብራውን ይባላል። ኮንራዲ እ.ኤ.አ. በ1919 የሌንስ ክፍሎች ከአንድ መስመር ሲወጡ የሚመጣውን መዛባት ጻፈ፤ አሜሪካዊው ዱዌን ብራውን በ1966 እና በ1971 ከአየር ፎቶና ከቅርብ ርቀት ልኬት ጋር አያይዞ አሰፋው። በኦፕንሲቪ ውስጥ አምስት ቁጥሮች ሆኖ ይመጣል፦ ኬ1፣ ኬ2 እና ኬ3 ከማዕከሉ በመራቅ የሚመጣውን መጨመቅ ይገልጻሉ፤ ፒ1 እና ፒ2 ሌንሱ ወደ ጎን ዘመም ማለቱን።

የእኔ ሌንስ ኬ1 ከዜሮ በታች 0.16፣ ኬ2 ከዜሮ በላይ 0.11፣ ፒዎቹ ከዜሮ የማይለዩ። የትኩረት ርዝመቱ 4840 ፒክስል ያህል። ኬ1 ከዜሮ በታች መሆኑ በርሜል ነው ማለት ነው፤ ሰኞ ካየሁት ጋር ይስማማል። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የሚያሳየው አማካይ ስህተት 0.38 ፒክስል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ 0.38 የሚነግረን ሞዴሉ ባሳየሁት ነጥቦች ላይ ምን ያህል እንደተስማማ ነው፤ ያላሳየሁት ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይነግርም። ኬ3ን ጨምሬ ሳሰላ ቁጥሩ ወደ 0.36 ወረደ። ጥሩ የሚመስለው ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ፎቶዎቹን ለሁለት ከፍዬ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው አሰላሁ። ያለ ኬ3 ኬ1 በሁለቱም ግማሾች እስከ ሁለተኛው አሃዝ ድረስ አንድ ነው። ከኬ3 ጋር ግን ኬ3 በአንዱ ግማሽ ከዜሮ በላይ፣ በሌላው ከዜሮ በታች ሆነ። ምልክቱን የሚለዋውጥ ቁጥር የሌንሱ ባሕርይ ሊሆን አይችልም። ነጥቦቹ ላይ ያለውን ጥቃቅን ስህተት እያሳደደ ነው፤ ሰሌዳው በማይደርስበት የምስሉ ጥግ ላይ ደግሞ መስመሩን እንዳሻው ይወስደዋል። ኬ3ን ዜሮ ላይ ቆለፍሁት።

በተረፈ የመጨረሻውን ፍርድ ለአልሙኒየሙ ተውሁለት። ሰኞ ባነሣሁት ዓይነት ምስል ላይ የአልሙኒየሙን ጠርዝ ነጥብ በነጥብ አንሥቼ በቁጥሮቹ አቃናሁት፦ የ30 ፒክስሉ ጉብጠት ከአንድ ፒክስል በታች ሆነ። ቀጥ ያለ ነገር በምስልም ቀጥ ማለቱን መፈተን ብራውን ራሱ በ1971ዱ ጽሑፉ የተጠቀመበት መንገድ ነው፤ እሱ ቱንቢ የተንጠለጠለበት ክር ተጠቅሟል። አልሙኒየሙ በስሌቱ ውስጥ ስላልነበረ ምስክርነቱ ክብደት አለው።

አንድ የአሠራር ነገር። ምስሉን በሙሉ አቃንቶ አዲስ ፎቶ ማውጣት ይቻላል፣ ለዓይንም ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቶቹ እየተቀላቀለ ስለሚሠራ ጠርዝ ይደበዝዛል። ለልኬት የሚሻለው ነጥቡን ከጥሬው ፎቶ ላይ መምረጥና የነጥቡን ቦታ ብቻ ማቃናት ነው። ሞዴሉ የተጻፈው ከቀናው ወደ ተዛባው ስለሆነ ወደ ኋላ ለመመለስ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ እየገመተ ይጠጋል፤ ለአንድ መስኮት ነጥቦች ይህ ከቅጽበት አይበልጥም።

ሐሙስ

ከግድግዳ ውጭ፣ ርዝመቱ በሚታወቅ ነገር ላይ መፈተን ፈለግሁ። በድሬዳዋ ለዚህ ከአሮጌው ባቡር ሐዲድ የተሻለ የለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ ድሬዳዋ የደረሰውና በ1917 አዲስ አበባ የገባው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ሐዲድ ግን ይበላል፣ ይላላል። ስለዚህ አንድ ሺህ የሚለውን ቁጥር ከወረቀት አልወሰድሁም፤ ጥበቃውን አስፈቅጄ በውስጠኛ ፊቶቹ መካከል በሜትር ለካሁ፦ 1006።

ሰሌዳው ከሐዲዶቹ አናት ጋር በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ መዋል ነበረበት። አልሙኒየሙን በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋደምሁ፣ መስታወቱን ከሥሩ በጠጠር ላይ አስቀምጬ ፊቱ የአልሙኒየሙን ሆድ እስኪነካ ድረስ አንድ አንድ ጠጠር እያስገባሁ አነሣሁት፤ በመጨረሻ በመካከላቸው ወረቀት ሲያልፍ ትንሽ ያዝ ያደርግ ነበር። አልሙኒየሙን አንሥቼ ሰሌዳውን በቦታው ትቼ ከጎን አዘንብዬ አነሣሁ። ከሰሌዳው 40 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ አንድ ሜትር የሚለካ ስሌት ለስህተት የተጋለጠ ነው፤ ሆን ብዬ ያከበድሁት ፈተና ነው። ፎቶው 1005 አለ። ሌንሱን ሳላቃና ያንኑ ስሌት ስሠራ 1019 ይላል።

አርብ

መስኮቶቹ። ሌንሱ ከተቃና በኋላ የቀረው ከሌንስ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ጥልቀት ነው። የእንጨቱ ፍሬም ከግድግዳው ፊት 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። መለኪያውን ግድግዳው ፊት ላይ ብለጥፍና ቅስቱን ፍሬሙ ላይ ባነብ፣ 1100 ሚሊ ሜትር የሆነው ስፋት ወደ 50 ሚሊ ሜትር አንሶ ይታያል፤ ከሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ 12 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይህን ያህል ያሳንሳል። የትኛውም የሌንስ ማቃኛ ይህን አያርምም። ደንቡ ቀላል ነው፦ መለኪያውና የሚለካው ነገር በአንድ ወለል ላይ ይሁኑ። በዚህ ርቀት አምስት ሚሊ ሜትር የወለል ልዩነት በ1100 ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስህተት ያመጣል፤ ያንን እንችላለን።

ስለዚህ አራት ትናንሽ ምልክቶች በእንጨቱ ፍሬም አራት ማዕዘኖች ላይ ለጠፍሁ። በመካከላቸው ያሉትን አራት ጎኖችና ሁለቱንም ሰያፎች በሜትር ለካሁ። ለቅርጹ አራቱ ጎኖችና አንድ ሰያፍ ይበቃሉ፤ ሁለተኛው ሰያፍ ለማጣሪያ ነው። ካልተስማማ ሜትሩ የሆነ ቦታ ረግቧል፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት መለካቱ ይደገማል።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይቻልም፤ መጀመሪያ ሌንስ፣ ከዚያ እይታ። በአራቱ ምልክቶች የሚሠራው የእይታ ማስተካከያ፣ ሆሞግራፊ የሚባለው፣ ከጎን ወይም ከታች የተነሣን ፎቶ ፊት ለፊት እንደተነሣ ያደርገዋል፤ መሰላልም ያስቀራል። ግን ቀጥ ያለ መስመርን ወደ ቀጥ ያለ መስመር ከመውሰድ በቀር ሌላ አይችልም። ጎብጦ የገባ መስመር ጎብጦ ይወጣል። ያልተቃና ፎቶ ቢሰጠው አራቱ ምልክቶች ላይ ፍጹም ይስማማል፤ በመካከላቸው ያለው ቅስት ግን የተሳሳተ ይሆናል፣ ስህተቱንም የሚጠቁም ነገር የለም።

እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ሰዎቹ ሳይወጡበት በፎቶ ብቻ ልክ ይገኛል?» አሉኝ። «በአንዱ እንፈትነዋለን እማማ፤ ካልገጠመ ወደ ካርቶኑ እንመለሳለን» አልኳቸው።

ቅዳሜ

ልስኑ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በጥሬው ፎቶ ላይ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ አነሣሁ፤ ነጥቦቹን አቃናሁ፤ በምልክቶቹ ወደ ሚሊ ሜትር ቀየርሁ። ለጋሼ የሰጠሁት ሥዕል ሳይሆን የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፦ ከታችኛው ግራ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። ሰፊ ላሜራ መሬት ላይ ዘረጉ፣ በስኳድራና በጠመኔ ነጥቦቹን ጣሉ፣ ከዚያ ቀጭን ብረት አጥፈው በነጥቦቹ ላይ አሳለፉ። ቅስቱ ግራና ቀኙ እኩል አልነበረም፤ የግራው እግር ከቀኙ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ቁጥሩን ተጠራጠሩ። «ቅስት የሠራ ሰው እግሩን አያበላልጥም» አሉ፣ ትክክል ናቸው፤ ሲሠራ እኩል ሳይሆን አይቀርም፣ ያበላለጠው ልስኑ ነው። ውሃ ልክ ይዘን ሄድን። ቧንቧው ውስጥ ያለው አረፋ መሃል ላይ ሲቆም በግራው እግር ሥር ያለው ክፍተት በካሊፐር ዘጠኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ሌሎቹን ነጥቦች ያለ ክርክር ወሰዱ።

ለዚህ መስኮት ብቻ ካርቶኑንም አወጣን። በፎቶ የተጣለው መስመርና የካርቶኑ ጠርዝ ላሜራው ላይ ሲነባበሩ ትልቁ ልዩነት ሦስት ሚሊ ሜትር ሆነ፣ እሱም ቅስቱ አናት አጠገብ ካርቶኑ የተቆረጠበት ቦታ ላይ።

ማክሰኞ

የወርክሾፑ ልጅ በስልኩ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። በስልኩ አልሙኒየሙን አነሣን፤ በተለመደው ሌንስ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው፣ ምክንያቱም ስልኩ ፎቶውን ከማስቀመጡ በፊት በራሱ ፕሮግራም ያቃናዋል። ለዓይን በቂ ነው። ለልኬት የሚያስቸግረው ስልኩ ምን እንዳደረገ አለመታወቁ፣ ትኩረቱንና የማረሚያ ሌንሱን በየፎቶው ማንቀሳቀሱ፣ ሰፊ ሌንሱ ደግሞ የራሱ ሌላ ማቃኛ ያለው መሆኑ ነው። ትኩረቱን የሚቆልፍና ጥሬ ፎቶ የሚያስቀምጥ የካሜራ ፕሮግራም ካለበት ግን ያው የዳማ ሰሌዳ ይሠራለታል። ልጁ ሰሌዳውን ተውሶ ወሰደ።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ፍርግርግ ገብቷል። በግራ አራት፣ በቀኝ ሦስት፣ በአናቱ አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው፤ መዶሻ አልነካውም። የቀሩት መስኮቶች ፎቶ ተነሥቷል፣ የሁለቱ ሰንጠረዥ ለጋሼ ደርሷል። የሌንሱ ቀለበት አሁንም በፕላስተሩ ታስሯል፤ እስኪያልቅ አይፈታም። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አልሙኒየሙን ጠርዝ ላይ አንዴ አነሣለሁ፤ ከአንድ ፒክስል በላይ ከጎበጠ ቀለበቱ ተነክቷል ማለት ነው፣ ያን ቀን ሰሌዳው እንደገና ይወጣል።